አካፋው ካለፈ በኋላ ደብተሩን የያዘው ማን ነው?

ደሴ በሐምሌ ሌሊት ዝናብ ሲጥል ቆርቆሮው ይናገራል። ተኝቶ የሚሰማ ሰው የዘወትሩ ነው ወይስ ሌላ ዓይነት ብሎ ይለየዋል። ሌላ ዓይነት ከሆነ፣ ከጦሳ ተራራ የወረደው ውሃ በየመንደሩ እየተጠራቀመ ቦርከና ይገባል። ቦርከና ደሴን ሰንጥቆ፣ በዶሮ መዝለያ ገደል አድርጎ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ሁለቱ ከተሞች በመንገድ ቢራራቁ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በከፍታ ግን ከ600 ሜትር በላይ ይበላለጣሉ። ስለዚህ ደሴ የጣለው ዝናብ ኮምቦልቻ ለተኛ ሰው የሩቅ ወሬ አይደለም። መንገድ የጀመረ እንግዳ ነው።

ሲነጋ ምን እንደሚታይ የዚህ አገር ሰው ያውቀዋል። ጭቃው ከደጃፍ እስከ ጓዳ ገብቷል። ፍራሹ አጥር ላይ ተሰጥቷል። ሦስት ሰዓት ገደማ ሲሆን አካፋና ባሬላ የያዙ ወጣቶች ይመጣሉ። ከሰንበት ትምህርት ቤት የመጡ አሉ። ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የወጣቶች ኅብረት የመጡ አሉ። ከመስጊዱ ጀመዓ የመጡም አሉ፤ ዛሬ የምጽፈው ስለ ክርስቲያኖቹ ስለሆነ እንጂ እነሱን ረስቼ አይደለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም ጭቃ ይለብሳሉ፤ ማን ከየት እንደመጣ መለየት ይቸግራል።

እስከዚህ ድረስ ጭቅጭቅ የለም። ነገር የሚመጣው በማግስቱ ነው። ብርድ ልብስ ይመጣል፣ ዱቄት ይመጣል፣ ቆርቆሮ ይመጣል። ያኔ አንድ ሰው ደብተር ይዞ ይቆምና ስም መጻፍ ይጀምራል። የቤተ ክርስቲያን በጎ ፈቃደኞች ጎረቤት ረዱ ወይስ አባሎቻቸውን ረዱ የሚለው ጥያቄ አካፋው ላይ አይታይም። እዚያ ደብተር ላይ ነው የሚታየው።

ከራሴ ልጀምር። ከዓመታት በፊት እኔም አካፋ ከያዙት ወጣቶች አንዱ ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያናችን ብርድ ልብስ ገዝታ ላከችን። የደረስነው ሲመሽ ነው፤ ዝናቡም አላባራም። ማስቀመጫ ስንፈልግ አንዲት ሙስሊም እናት የፊተኛ ክፍላቸውን ከፈቱልን። የጓዳቸው ግድግዳ በጎርፉ ወድቋል፤ ፊተኛው ክፍል ግን ደረቅ ነበር። ብርድ ልብሱን እዚያ ደርድረን አደርን። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን በመጣልን ዝርዝር መሠረት አደልን። አንድ በአንድ ስም እየጠራን፣ እያስፈረምን። በጣም ሥርዓት ያለው ሥራ ነበር። ስንጨርስ ክፍሉ ባዶ ሆነ። እሳቸው መጥረጊያ አንስተው ጠረጉት። ከዚያ «ጨረሳችሁ? በሉ ቡና ጠጡና ሂዱ» አሉን።

ቡናውን ጠጣን። ከመካከላችን አንድም ሰው ለእኚህ ሴት ብርድ ልብስ አላስቀረም። ክፋት አልነበረም። ስማቸው ዝርዝሩ ላይ የለም፣ በቃ። ዝርዝሩን ያዘጋጀው ሰው የሚያውቀው የሚያስቀድሱትንና አሥራት የሚያወጡትን ነው። የማያውቀውን ከየት አምጥቶ ይጽፋል? የሁለት ጎረምሳ ቁመት የሚያህል ግድግዳ ወድቆ እያየን ወረቀት ስንከተል ነበር።

ነገሩ የእኛ ብቻ ስህተት ቢሆን ኖሮ ጽሑፍ አይወጣውም ነበር።

ወሎ አደጋን በደንብ ታውቃለች። በ1953 ዓ.ም. ከኮምቦልቻ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው ካራቆሬ በመሬት መንቀጥቀጥ ክፉኛ ተጎዳች፤ ማጀቴ ፈራረሰች። በ1965 እና 66 የተራቡ ሰዎች ከየገጠሩ ወጥተው በዚሁ ዋና መንገድ ዳርና በየከተማው ወደቁ። ያ ረሃብ መንግሥት እስከመቀየር ድረስ እንደሄደ ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የማያስታውሰው ሌላ ውጤትም ነበረው። ዛሬ አገር አቀፍ የሆነው የክርስቲያን ተራድኦና ልማት ድርጅቶች ኅብረት የተወለደው ለዚያ ድርቅ ምላሽ ለመስጠት በተሰባሰቡ አብያተ ክርስቲያናትና ተራድኦ ድርጅቶች ነው። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንም የተቋቋመው በ1964 ነበር፤ ሥራው ሳይጠና ወሎ ደረሰበት። የመንግሥቱ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንም የ1966 ልጅ ነው። በ1977ቱ ድርቅና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩና መካነ ኢየሱስ እህል ለማከፋፈል አብረው እስከመሥራት ደረሱ። በሥርዓተ አምልኮ አንድ ጠረጴዛ ላይ የማይቀመጡ ሰዎች በስንዴ ጆንያ ዙሪያ ተቀመጡ ማለት ነው።

በአጭሩ፣ በዚህች አገር ቤተ ክርስቲያን አደጋ ላይ እንዴት እንደምትሠራ ከተማረችባቸው ትልልቅ ቦታዎች አንዱ ይሄ መንገድ ነው። ግን ትምህርቱ ወደ አዲስ አበባ ወጣ። ድርጅት ሆነ፣ ቢሮ ሆነ፣ ባለ አራት ጎማ መኪና ሆነ። የአጥቢያው ወጣት አካፋ ይዞ ሲወጣ ያንን ልምድ ይዞ አይወጣም። ይዞ የሚወጣው ጥሩ ልብና የአባላት ዝርዝር ነው።

ታዲያ ምን ደብተር ይያዝ? ወሎ ላይ መልሱ ሩቅ አይደለም። ቅሬ አለ።

ለሌላ አካባቢ አንባቢ፦ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው፤ ወሎ ላይ ግን ሥሩ ጠለቅ ይላል። ሰው ሲሞት የሚቀብር፣ ድንኳን የሚተክል፣ ለቀስተኛ የሚያስተናግድ የጎረቤት ማኅበር ነው። ዋናው ነገር አባልነቱ በሃይማኖት ሳይሆን በሰፈር መሆኑ ነው። ሙስሊሙ ሲሞት ክርስቲያኑ እስከ መቃብሩ ይሸኛል፤ ክርስቲያኑ ሲሞት ሙስሊሙ እንዲሁ። ከውጭ ለሚያይ ሰው የሚገርም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላደገ ሰው ግን የሚገርመው ሌላ ቦታ እንዲህ አለመሆኑ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አያት ሰይድ፣ የልጅ ልጅ ገብረ ሥላሴ ሆነው የሚኖሩበት አገር ነው።

የቅሬው ዳኛ ደብተር አለው። ማን ከፍሏል፣ ማን ቀርቷል፣ ማን ቤት ስንት ነፍስ አለ፤ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ማን አልጋ ላይ እንደሆነ፣ ማን ልጁ ዓረብ አገር ሆኖ ብቻውን እንደሚኖር ደግሞ በጭንቅላቱ ይዟል። ይሄንን ዝርዝር የትኛውም ድርጅት በሦስት ቀን የቤት ለቤት ጥናት አያገኘውም። ስለዚህ ሁለተኛ ጊዜ ስንወጣ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ቅሬው ዳኛ ነበር። አያ እገሌ፣ ለማን እናድርስ? ብለን ጠየቅን። ቀላል ነገር ይመስላል። የቤተ ክርስቲያኑን ሽማግሌዎች ማሳመን ግን ቀላል አልነበረም። «የምእመናን ገንዘብ ነው፤ መጀመሪያ ለምእመናን» የሚል ነበር። ይሄንን ክርክር አልንቀውም። ሃምሳ ብር ከጉሮሮዋ ነጥላ የሰጠች እናት ገንዘቧ የት እንደገባ መጠየቅ መብቷ ነው። ግን እስቲ እሷኑ ጠይቋት። አብዛኛውን ጊዜ እሷ ለጎረቤቷ ነው የሰጠችው። ለምእመን ብቻ የሚለው ሐሳብ የሚመጣው ከኮሚቴው ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው የሕግ አዋቂ ነበር። አዋቂ ስለሆነ ዝርዝር ፈለገ። የተሰጠው መልስ ግን ዝርዝር ሳይሆን የደጉ ሳምራዊ ታሪክ ነው፤ ያውም ጀግናው የራሱ ወገን ያልሆነበት።

አሁን ቅሬን ካሞገስኩ በኋላ ጉድለቱን ልናገር። የቅሬ ደብተር ተከራይ አያውቅም።

ይሄ በተለይ የኮምቦልቻ ጉዳይ ነው። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ በ2009 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ። ለሥራ ከየገጠሩ የመጡ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። ርካሽ ክፍል ደግሞ የት ነው ያለው? ወንዝ ዳር። ቦርከና ብቻ አይደለም፤ ከተማዋን የሚያቋርጡት እነ ወርቃና ለዮሌ በበጋ ተራምደህ የምታልፋቸው፣ በክረምት የማታውቃቸው ናቸው። ውሃ ሲገባ መጀመሪያ የሚገባው እነዚህ ልጆች ክፍል ነው።

አደጋው ከደረሰ በኋላ ምን ይሆናል? የቅሬው ዳኛ «እነሱ ቅሬ የላቸውም፣ ተከራይ ናቸው» ይላል። ቀበሌው «መታወቂያችሁ የሌላ ወረዳ ነው» ይላል። አከራዩ ደግሞ ቤቱ የእሱ ነውና የተጎጂ ዝርዝር ላይ ስሙ ይገባል። ቆርቆሮው ለእሱ ይደርሳል። አልተጎዳም አልልም፤ ግድግዳው ፈርሷል። ፍራሹ፣ ልብሱ፣ የትምህርት ማስረጃው፣ ለቤተሰብ ሊላክ በሳጥን የተቀመጠው ብር ግን የልጆቹ ነበር። እነሱ በማግስቱ ፈረቃ ስላላቸው እርጥብ ልብስ ለብሰው ሥራ ይገባሉ። ስም ሲጠራ የሉም።

እዚህ ላይ ነው የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ማንም የማይተካቸው ሥራ የሚሠሩት፤ ብዙ ጊዜ ራሳቸውም ሥራ መሆኑን አያውቁትም። ምክንያቱም እነዚያ ልጆች ቅሬ ባይገቡም መዝሙር ይዘምራሉ። እሑድ ቅዳሴ ይመጣሉ፤ ሌላው ጸሎት ቤት ይመጣሉ። አብራቸው የምትዘምር ልጅ የትኛው ግቢ፣ ስንተኛው በር እንደሆነ ታውቃለች። በዚያው ግቢ የምትኖረውን ሙስሊም የሥራ ባልደረባዋንም ታውቃለች። እኛ ጋ የተከራዮቹን ዝርዝር ያወጡት ሁለት ዘማሪዎች ናቸው። ከፈረቃ ሲወጡ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በር እያንኳኩ፣ በስልክ መብራት። የቅሬው ደብተር ላይ የሌሉ ከሰላሳ በላይ ሰዎች ይዘው መጡ። ዳኛው ዝርዝሩን አይቶ ዝም አለ። ከዚያ «በሬ ሥር እኮ ናቸው» አለ።

ስለዚህ አንድ ደብተር አይበቃም። የቅሬው አለ፣ የተከራዮቹ አለ፣ የመስጊዱ ጀመዓ የያዘው አለ። ሦስቱን አንድ ላይ አስቀምጦ የተደገመውን መሰረዝ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ብዙ ቦታ ግን አይሠራም። አንዱ ቤት ከሦስት ወገን ዱቄት ሲደርሰው፣ ቀጥሎ ያለው ባዶውን ያድራል። ከዚያ ሐሜት ይነሳል፤ ሐሜቱ ደግሞ ከጎርፉ በላይ ሰፈር ያፈርሳል።

ስለ ምግብ ትንሽ ልበል፤ ትንሽ መስሎ ብዙ ነገር የሚያበላሽ ወይም የሚያቃና እሱ ነው። እንደሚታወቀው ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። ሠርግ ላይ ሁለት ድስት መጣድ የወሎ ሰው የለመደው ነው። አደጋ ላይ ግን ሁለት ድስት የሚጥድ ጊዜም እንጨትም የለም። አንድ ጊዜ ደግ ልብ ያላቸው ሰዎች በግ አርደው ወጥ ሠርተው መጡ። ተፈናቃዩ ግማሹ ሙስሊም ነበር። ምግቡ መጣ፤ ግማሹ ሰው ደግሞ ጾሙን አደረ።

መፍትሔው ሽሮ ነው። እውነቴን ነው። ምስር፣ ድንች፣ ሽሮ፣ ጎመን። ከሁሉም ቤት ጉሮሮ ይወርዳል። ደግሞ የቀን መቁጠሪያው ራሱ ያግዛል፤ ጎርፍና ናዳ የሚበዛው ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ ነው፤ ፍልሰታ ደግሞ ከነሐሴ 1 ይገባል። የሰንበቴ እናቶች ያን ጊዜ ቤታቸውም የጾም ነው የሚሠሩት። ድስቱን ማተለቅ ብቻ ነው። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩት የግብር አዳራሽ «አይጠየፍ» ይባላል፤ ማንም ሳይናቅ የሚበላበት ለማለት ነው። ያንን ስም የሚመጥነው የአደጋ ጊዜ ምግብ የጾም ወጥ ይመስለኛል፤ ንጉሡ ቢሰሙኝ ግን ምን እንደሚሉ እንጃ።

ወደ ከባዱ ነገር ልመለስ። እርዳታና ስብከት።

አንዳንድ ወጣቶች ዱቄት ሲያድሉ በራሪ ወረቀት አብረው ይሰጣሉ። አንዳንዱ ደግሞ ከእደላው በፊት አጭር ጸሎት ብሎ ይጀምርና ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሰዉ በጭቃ ላይ ቆሞ ይሰማል፤ ምን ያድርግ? ይሄ ጉዳይ በዓለም ደረጃም ተነጋግረውበታል። በ1986 ዓ.ም. ቀይ መስቀልና ትልልቅ ተራድኦ ድርጅቶች ያወጡት የአደጋ እርዳታ የሥነ ምግባር ደንብ፣ እርዳታ አንድን የፖለቲካ ወይም የሃይማኖት አቋም ለማስፋፋት አይውልም ይላል። ደንቡን ካወጡት መካከል ካሪታስ፣ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽንና የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ አሉበት። ማለትም ደንቡ ቤተ ክርስቲያን ላይ ከውጭ የተጫነ አይደለም፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው ተቀምጠው የጻፉት ነው። እኔ ግን ደንብ ሳልጠቅስ ወጣቶቹን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ መስጊዱ ብርድ ልብስ ሲያድል እናትህን እንዲህ ቢያደርጋት ምን ትላለህ? እስካሁን የተከራከረኝ የለም። በኋላ፣ ሰው ተረጋግቶ፣ ለምን መጣችሁ ብሎ ራሱ ሲጠይቅ መመለስ ሌላ ነገር ነው። ያን ማንም አይከለክልም።

ናዳ ላይ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ፤ እሱን ዝም ማለት አልችልም።

ደሴ በተራራና በገደል መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። በአንድ በኩል ጦሳ፣ በሌላው በኩል አዝዋ ገደል። ተዳፋቱ ላይ ልቅ አፈርና ሸክላማ መሬት በጠንካራው ድንጋይ ላይ ተነባብሯል። ዝናብ ሲበዛ ውሃው ይሰርግና ከሥር ያለውን ያሟልጨዋል፤ ክብደቱም ይጨምራል። ለቤትና ለመንገድ ተብሎ የተዳፋቱ እግር ሲቆረጥ ደግሞ ደጋፊውን ያጣል። በጦሳ ሥርና በገራዶ በኩል ያለ ሰው ይሄንን ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ምልክቶቹ አሉ። ከቤቱ በላይ ያለው መሬት ይሰነጠቃል። ዛፉ ወይም የመብራት ምሰሶው ያዘነብላል። ያልነበረ ምንጭ ይፈልቃል፤ የነበረው ደግሞ ድንገት ይደፈርሳል። በሩ አልዘጋ ይላል።

ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የሆነውን አስታውሱ። መጀመሪያ ናዳው ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ሲነጋ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያወጣቸው ሮጠ። በእጁ፣ በአካፋ። ያን ጊዜ ሁለተኛው ናዳ መጣ። ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ሊረዱ የሄዱ ነበሩ። ከዚህ የበለጠ የጎረቤት ፍቅር ከየት ይመጣል? ግን አካፋ ይዘው ለሚወጡ የእኛ ልጆች ማንም ይሄንን አያስተምራቸውም። ናዳ የወረደበት ቦታ ወርዶ ያልጨረሰ ቦታ ነው። ከላይ የሚያይ አንድ ሰው ይቁም፤ ፊሽካ ይያዝ። ዝናብ እየጣለ ከሆነ ይጠበቅ። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይግባ። መሸሻው በየት በኩል እንደሆነ ሳይታወቅ ማንም አይግባ። «እግዚአብሔር ይጠብቀናል» ብሎ ዘሎ መግባት እምነት የሚመስላቸው አሉ። ቄሱ ወይም ፓስተሩ ይሄንን አንድ እሑድ በመድረክ ቢናገር ከእኔ ጽሑፍ መቶ እጥፍ ይሰማል።

የመሬት መንቀጥቀጡም ቢሆን ከደጃችን አልራቀም። በ2017 አፋር ውስጥ በፈንታሌና ዶፈን አካባቢ ለወራት መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተዋል። እኛም የምንኖረው በዚያው ስምጥ ሸለቆ ጠርዝ ላይ ነው።

ቅድም ያመጣሁትን ሳምራዊ ልጨርሰው። ከታሪኩ ሰው የሚያስታውሰው ቁስል ማሰሩንና ዘይት ማፍሰሱን ነው። የመጨረሻዋን ትንሽ ነገር ብዙ ሰባኪ ይዘላታል። ሳምራዊው በማግስቱ ለእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠ፤ ከዚህ በላይ ያወጣኸውን ስመለስ እከፍልሃለሁ አለው። ስመለስ አለ። ለመመለስ አስቦ ነው የሄደው።

የእኛ እርዳታ አይመለስም። ሦስት ቀን እንሞቃለን። ፎቶ እንነሳለን፣ ቴሌግራም ላይ እንለጥፋለን፣ ከዚያ ሌላ ጉዳይ ይመጣል። ለሞተ ሰው አርባ ቀን አለን፤ ለፈረሰ ቤት ግን ሦስት ቀን ብቻ። ቤት የፈረሰበት ሰው እውነተኛ ችግሩ የሚጀምረው ዘመድ ቤት መቆየቱ ሲሰለች ነው፤ ይህ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ልጁ ትምህርት ሲጀምር ደብተር የለውም። የጠፋው መታወቂያ ካልወጣ ባንክ ያለው ብር አይወጣም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ብርድ ልብስ አይደለም። አብሮት ቀበሌ የሚሄድ፣ ማመልከቻ የሚጽፍለት፣ ሰልፍ የሚይዝለት ሰው ነው። የሚጽፍ ወጣት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሞልቷል። ግድግዳ ለማቆም ደግሞ ደቦ አለ፤ የገጠሩ ሰው ወንፈል እያለ ሲኖርበት የኖረ ነው። አጠና፣ ሚስማር፣ ጭድና ጭቃ፣ ሁለት ቅዳሜ። አንዳንድ አጥቢያ በአርባኛው ቀን የተጎዱትን ቤቶች ዞሮ ማየት ቢለምድ እኔ ሌላ ፕሮጀክት አልፈልግም።

ስለ ልብስ አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። እባካችሁ ሰልባጅ ክምር አታምጡ። ከተቻለ ገንዘብ ይሰብሰብ፤ ለተጎጂው በቴሌብር ይላክለት፤ ድምሩ ቅሬው ፊት ይነበብ። ከዕቃ ደግሞ ጄሪካን፣ ሳሙና፣ የውሃ ማከሚያው ውሃ አጋር ይቅደም። ጎርፍ ካለፈ በኋላ ሰው የሚገድለው የተበከለ የጉድጓድ ውሃ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚቀለው ሥራ ግን ማንም ፎቶ የማይነሳበት ነው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ዲች መጥረግ። ደሴ ላይ ወደ ቦርከና የሚጣለው ፌስታልና ሃይላንድ እዚያው አይቀርም። ከውሃው ጋር ይወርዳል፤ ከታች የድልድይ አፍ ይዘጋል፤ ውሃውም መንገድ ሲያጣ ወደ ቤት ይገባል። የደሴ ወጣት የኮምቦልቻ ጎረቤቱን መርዳት ከፈለገ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት መውረድ አይጠበቅበትም። ሰፈሩ ያለውን ቦይ ይጥረግ። በከተማው የክረምት በጎ ፈቃድ ዘመቻም ይሄ ይሠራል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ዘመቻው የሚጀምረው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው።

እኛ ጋ አሁን አንድ የቴሌግራም ግሩፕ አለ። ደሴ ያሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆችና ኮምቦልቻ ወንዝ ዳር የሚኖሩ ሰዎች አሉበት፤ የቅሬው ዳኛ ገብቷል፣ እነዚያ ሁለት ዘማሪዎችና የግቢያቸው ልጆች ገብተዋል፣ ብርድ ልብስ ያልሰጠናቸው እናት የልጅ ልጅም ገብቷል። በበጋ ጸጥ ያለ ግሩፕ ነው፤ አንዳንዱ የበዓል መልካም ምኞት ብቻ ይልካል። ሐምሌ ላይ ግን ሌሊት ስልኩ ይንጫጫል። ከደሴ የሚመጣው አንድ ቃል ነው፤ «ጣለ»። ከኮምቦልቻ የሚሄደው መልስ ደግሞ «ፍራሽ እያነሳን ነው»።